የኛቦል የታች ጥርሶች

የኛቦልን ጥርሶች ማን እንዳወለቃቸው ጥሩነሽ ማንም ሳይነግራት ታውቅ ነበር። ወታደር ነዋ። ሱዳን ጦርነት አለ፤ ኛቦል የመጣችው ከሱዳን ነው፤ የታችኞቹ አራት የፊት ጥርሶቿ የሉም። ታዲያ ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? በሰደፍ መትተዋት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ይህችን ታሪክ አጥብቃ ይዛ ለገርጂ ጎረቤት ሁሉ አዳረሰቻት። ስታወራም እንባዋ ስለሚቀድማት የማያምናት አልነበረም።

ኛቦልን ራሷን ግን አልጠየቀቻትም። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል፤ የሰው ቁስል መነካካት ደግሞ ነውር ነው። ይሉኝታ ያዛት። ምነው ያን ጊዜ ይሉኝታዋን ጥላ አንድ ቃል በጠየቀች ኖሮ!

ኛቦል የጥሩነሽን ሰርቪስ ቤት የተከራየችው በ1987 ክረምቱ ሲወጣ ነው። ስትገባ አጎንብሳ፣ ስትወጣ አጎንብሳ ነበር፤ በሩ ለእሷ ቁመት አልተሠራማ። አገሯ ናስር በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበረች። ኑዌርኛ አፍ የፈታችበት ነው፤ አረብኛና እንግሊዝኛ ተምራለች፤ አማርኛውን ደግሞ ጋምቤላ በስደተኛ ካምፕ ሳለች ለቅማዋለች። ጥሩነሽ በአንዷ አማርኛዋ እንኳ ሙግት ሲጠና ቃል ያጥራታል። ያቺ ሴት አገርም ዘመድም ጥላ፣ ሁለት ቀሚስ ብቻ ይዛ መጥታ፣ እነዚያኑ ሁለት ቀሚሶች አጥባና ተኩሳ ቀጥ ብላ ስትራመድ ማየት ያኮራ ነበር። ጥሩነሽም የራሷ ልጅ የሆነች ያህል ትኮራባት ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ነው። ኛቦል ወራጅ ለማለት አፏን ስትከፍት ሁለት ወጣቶች ተያይተው ሳቁ፤ ወያላውም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታወራ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች። ቀጥሎ ወሬውን ራሱን ተወችው። በመጨረሻም ከሰው ጋር መብላት አቆመች፤ ጥሩነሽ ነይ ብዪ ስትላት በልቻለሁ ትላለች፤ በሯም በጠራራ ፀሐይ ዝግ ሆነ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የኛቦል ዝምታ ግን ሌላ ነበር፤ እንቅልፍ የነሳት፣ ሰውነቷን ያከሳት ዝምታ። አንድ ቀን ጥሩነሽ ሻይ ይዛላት ስትገባ፣ ወደ ካምፑ ልመለስ ነው አለቻት። እዚያ ሥራ የለ፣ ምን አለ? አለች ጥሩነሽ። እዚያ ማንም አፌን አያየኝም አለች ኛቦል።

ጥሩነሽ እንዲህ ስትባል ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ወይዘሮ አዝመራ የምትባል ወዳጅ አለቻት፤ በሳሊተ ምሕረት በኩል አዲስ ትምህርት ቤት የከፈተች። ለአንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደምትፈልግ ታውቃለች። ሄዳ ለመነቻት። አዝመራም ሰኞ ትምጣና ፊቴ ታስተምር፣ ካስደሰተችኝ ትቀጠራለች አለች። ጥሩነሽ ይህን ለኛቦል ነግራ፣ ሰኞ ካልሆነልሽ ያን ጊዜ ሂጂ ብላ ቃል አስገባቻት።

ግን በዚያ አፍ እንዴት አድርጋ ልጆች ፊት ትቆማለች? ጥሩነሽ በዚህ ስትብሰለሰል አደረችና መፍትሔው ብልጭ አለላት፦ የሚገባና የሚወጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ። ቦሌ ክሊኒክ የከፈተው ዶክተር እዝራ የጥንት ጎረቤቷ ነው። ኛቦልን ይዛት ሄደች። ሐኪሙ ጥርሶቹ እንዴት እንደወለቁ ኛቦልን ሲጠይቃት፣ ጥሩነሽ ቀድማ ስለ ወታደሩ አስረዳችው። ኛቦል መሬት መሬቱን አየች። እሷም እኮ አዲስ አበባ ውስጥ ይሉኝታን ተምራለች፤ እንዲህ ለምትሳሳላት ሴት አልፈልግም ማለት ከበዳት። ሐኪሙ ልኩን ወሰደ፣ ዓርብ ዕለት ጥርሶቹ ደረሱ። ነጭ፣ እኩል፣ ምንም የማይወጣላቸው ጥርሶች ነበሩ። የግቢው ሴቶች እያገላበጡ አዩአት፤ አሁን ገና ሰው መሰልሽ ያለቻትም አለች። ኛቦል ጥሩነሽን ጉንጯን ሳመቻትና አመሰግናለሁ ብላ ገባች።

ቅዳሜ ኛቦል እንግሊዝኛ ስታነብ ጥሩነሽ በግድግዳው ማዶ ሰማቻት። ትጀምራለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ይደናቀፍባታል፤ ታቆማለች። እንደገና ትጀምራለች። ምላሷ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችው መንገድ ተዘግቶባታል። እሑድም እንዲያው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ድምፅ ጠፋ። ጥሩነሽ ደነገጠችና ሳታንኳኳ ገባች።

ኛቦል አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥርሶቹ በውኃ ብርጭቆ ውስጥ ናቸው። ልብሷን ሸክፋለች።

ጥሩነሽ አጠገቧ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችውን ያን ጊዜ ጠየቀች። «ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ማንም አላደረገኝም፣ እትዬ ጥሩነሽ» አለች ኛቦል። «እናቴ ናት ያስወለቀችኝ። እኛ አገር ልጅ ሲያድግ ይወልቃል። ያማል፤ ግን እኔ አላለቀስኩም። ስላላለቀስኩ ዘመዶቼ ሁሉ ስሜን እያነሱ ዘፈኑልኝ። ያን ቀን እንደኔ ቆንጆ ልጅ አልነበረም። አስቀያሚ መሆኔን የሰማሁት እዚህ መጥቼ ነው።»

ጥሩነሽ መጀመሪያ አፈረች። ያ የፈጠረችው ወታደር፣ ያ ሁሉ እንባዋ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት! ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀጥሎ ግን ሳታስበው ሳቋ መጣ፤ እንደ ልማዷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ያዘችና ክው አለች። ለካ እሷም ትሸፍናለች! ነጠላውን ለቀቀችና ከንፈሯን ገልብጣ ድዷን አሳየቻት። ከዳር እስከ ዳር የተነቀሰ፣ ጥቁር ድድ ነው።

«ቡልጋ ሳለሁ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ። በእሾህ ነው» አለች። «አብጦ ስንት ቀን እህል አልቀመስኩም። ሲድን ግን የሰፈሩ ኮረዳ ሁሉ ቀናብኝ። እዚህ አዲስ አበባ መጥቼ የዘመኑ ሴቶች የባላገር ድድ ሲሉ ሰማሁና ከዚያ ወዲህ ከንፈሬን ገጥሜ ነው የምስቀው። ማን ሸፍኚ አለሽ በይኝ፤ ማንም አላለኝም፣ ራሴው ነኝ።»

ኛቦል ጎንበስ ብላ ድዷን በደንብ አየችው። ጣቷን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው። «ያምራል» አለች። ሁለቱም አለቀሱ፤ ለእናቶቻቸው ይሁን ለራሳቸው ለይተው አላወቁትም።

በማግስቱ ሰኞ አብረው ሄዱ። ኛቦል ጥርሶቹን በመሐረብ ቋጥራ ይዛቸዋለች። ጥሩነሽ አድርጊውም አታድርጊውም አላለችም፤ አንድ ጊዜ ስለ ሰው አፍ ወስና አይታዋለች፣ ይበቃታል።  ዛሬ ካልሆነ ነገ የጋምቤላ አውቶቡስ አለ።

ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ኛቦል መሐረቡን ፈታችው፣ አየችው፣ መልሳ ቋጠረችውና ለጥሩነሽ ሰጠቻት። አጎንብሳ ገባች። ወይዘሮ አዝመራ ከኋላ ተቀምጣለች። ኛቦል ልጆቹን ሰላም ልትል አፏን ስትከፍት እጇ እንደ ልማዱ ተነሣ፤ ከመንገድ መለሰችው። ልጆቹም ባዶውን ቦታ አዩት።  ጥሩነሽ በመስኮት እያየች መሐረቡን ጨምቃ ያዘች።

ፊት ወንበር ላይ ፈቲያ የምትባል ልጅ ነበረች። የወተት ጥርሶቿ ከታች በኩል ረግፈው፣ ጓደኞቿ ስለሳቁባት ትምህርት ቤት ውስጥ አፏን መክፈት ካቆመች ሰንብታለች። ልጅቷ የአዲሷን አስተማሪ አፍ አተኩራ አየች።

«ቲቸር፣ አንቺም ወለቀብሽ?»

«አዎ፣ ልክ እንዳንቺ።»

«መቼ ነው የሚበቅለው?»

«የኔ አይበቅልም። እኛ አገር ለቁንጅና ነው የሚወልቀው።»

ፈቲያ በምላሷ ባዶውን ቦታ ዳሰስ ዳሰስ አደረገች። አስተማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ ለካቻት፤ ረጅም ነች፣ ቀጥ ያለች ነች፣ ቆንጆ ነች። አሰበችበትና ቁርጧን ተናገረች።

«እንግዲያው የኔም አይብቀል።»

ኛቦል ሳቀች። ጥሩነሽ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ አብራት ኖራ ሳቋን የሰማችው ያን ዕለት ነበር።