የላላው ቺንጋ

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ክብ ነው እንቁላል?" አሉ እትዬ ሱሀይር፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው።

ሪሐና በገዛ እጇ የሠራችው የጥልፍ ንድፍ መሣያ ማሽን ነጩ ጨርቅ ላይ ክቡን ጀምሮ፣ ጎኑን ጨፍልቆ፣ መነሻውንም ስቶ ቆሟል። ትናንት እንዲህ አልነበረም።

እትዬ ሱሀይር አንዋር መስጊድ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት አላቸው። ንድፍ የሚስልላቸው ሰው ዓይኑ ደክሞ ስለተወ ነው ማሽኑን ሊያዩ የመጡት። ከወደዱት የመጀመሪያ ደንበኛዋ ይሆናሉ። ካልወደዱት ይህ የምትሠራበት የአባቷ የጋሽ ሀምዳን ወፍጮ ቤት ጓዳ ነገውኑ በበርበሬ ጆንያ ይሞላል፤ እስከ ዛሬ የታገሷትም አባት ሆነውባት ነው።

"ማሽን አይደል፣ አንዳንዴ ይስታል" አሉ እትዬ ሱሀይር ቦርሳቸውን አንስተው። "እኔ ግን የሙሽራ ልብስ ነው የምሰፋው። ሙሽራን 'አንዳንዴ ይስታል' አልላትም።"

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ እትዬ።"

ጎንበስ ብላ እስክሪብቶውን የሚጎትተውን ጥርሳም ቺንጋ በጣቷ ነካችው። ምናለሽ ተራ ከተጣለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ሆድ ያወጣችው ነው። ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ እየተንሸራተተ ቺንጋውን እንዲያላላና እንዲያጠብቅ ብላ የብሎኖቹን ቀዳዳ ሞላላ አድርጋዋለች። አሁን ሞተሩ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ተስቦ ቺንጋው እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥሯል። ሞተሩ መጎተት ሲያቅተው ርምጃ እየዘለለ ነው ክቡን ያበላሸው። ቺንጋው ላይ ደግሞ ቀይ የጣት አሻራ አለ። በርበሬ ነው።

ቀና ስትል ጋሽ ሀምዳን በሩ ላይ ቆመው ጺማቸውን ያሻሉ።

ነገሩ ገባት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፍጮ ቤት የኖሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ዘንድ የላላ ቺንጋ የሰነፍ ቺንጋ ነው። ተናደደች። ግን በሰው ፊት አባቷን ምን ብላ ትናገራቸው?

"ቺንጋው ጠብቆ ነው" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላየው አስነሳሁት።"

"ውሸቷን ነው!" አሉ ጋሽ ሀምዳን። "እኔ ነኝ። ጠዋት ሲርገበገብ ባየው አላስቻለኝም፣ እንግዳ ፊት እንዳያዋርዳት ብዬ። ልኩን በዓይኔ አውቀዋለሁ ብዬ አበላሸሁት።"

እትዬ ሱሀይር ቦርሳቸውን መልሰው አስቀመጡ። "ታዲያ ያጠበቁትን ራስዎ አያላሉትም?"

ሪሐና ካቻቢቴውን ለአባቷ አቀበለቻቸው። በወፍራም ጣቶቻቸው ብሎኖቹን ፈታ ፈታ አድርገው ሞተሩን ገፉት።

"ይበቃል?"

"ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ። ሲጫኑት እሺ ይበል፤ ሲለቁት ይመለስ።"

"እንዲህ?"

"እንዲህ። በቃ፣ አሁን ብሎኖቹን ያጥብቋቸው።"

"የኔ ወፍጮ እንዲህ ቢላላ ሰፈሩ ይስቅብኛል" አሉ እያጉተመተሙ።

እስክሪብቶው ተነሳ፣ ዞረ፣ መነሻውን አገኘ። እትዬ ሱሀይር ዙሪያውን በጥፍራቸው ተከተሉት።

"ሰኞ ጨርቅ እልካለሁ" አሉ።

ማምሻውን ሪሐና ካቻቢቴውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛ ማንም ማሽኑን አይነካባትም። ደጅ ስትደርስ የአባቷን ድምፅ ሰማች፤ ለጎረቤታቸው ያስረዳሉ።

"የልጄ ማሽን ሌላ ነው። ቺንጋው ላላ ሲል ነው የሚሠራው። ልኩን እኔ አውቀዋለሁ።"

ሪሐና ተመልሳ ገባች። ካቻቢቴውን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ የአባቷ የወፍጮ መፍቻዎች ከሚሰቀሉበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው።