መቀሱ ሳይታጠብ አይገባም

«አልኩ እኮ፣ መቀሱ ካልታጠበ አይገባም» አለች ባዩሽ የግቢዋን በር በጀርባዋ ደግፋ።

«ሰው ቤት ስገባ እግርህን ታጠብ ያለኝ እንኳ የለም» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን።

«እርስዎማ ንጹሕ ነዎት። መቀሱ ነው የታመመ ዛፍ ሲነካካ የከረመው።»

ጋሽ ገብረኪዳን ከአንኮበር ከፍ ብላ ባለችው በዚህች መንደር የሁሉንም አፕል የሚከረክሙ ሰው ናቸው። የአንዱን ግቢ ሲጨርሱ መቀሱን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ አድርገው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ዘንድሮ ግን የግብርና ባለሙያዋ ሠናይት መጥታ ጎረቤት ያለ ዛፍ ላይ ቁስል አየች። ፈንገስ ነው፣ ከዛፍ ወደ ዛፍም በስለት ይተላለፋል አለች። የባዩሽ ዛፎች ገና የመጀመሪያ ፍሬያቸውን ሊሰጡ ነው። አንዱ ቢያዝ የሌሎቹም ነገር ያበቃል።

ባሏ አለምነህ ጭቅጭቁን ሰምቶ ወጣ። «ጋሼን በር ላይ ታቆሚያቸዋለሽ? ነውር አይደለም?»

«በምን እንደማጥበው ስታይ ደግሞ አንተ ትጮሃለህ» አለችና ከነጠላዋ ሥር ጠርሙስ አወጣች። ለበዓል የተቀመጠው ዳግም አረቄ ነበር።

አለምነህ ጠርሙሱን አተኩሮ አየ። «ውሃና ሳሙና አይበቃም?»

«ሠናይት ጠንካራ አልኮል ነው ያለችው።»

«ከቤቷ ታምጣ እንግዲያ።»

የጋሽ ገብረኪዳን ፊት ተፈታ። «ጥንካሬው መጀመሪያ ይታይ እንጂ» ብለው ጠርሙሱን ተቀበሏት። ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይኼማ ፈንገሱን ይቅርና እኔንም ይገድላል። በይ እጠቢ።»

ሥራው ተጀመረ። አንድ ዛፍ ባለቀ ቁጥር ባዩሽ ጨርቁን በአረቄ እያራሰች ስለቱን ትጠርጋለች፤ አለምነህ ጠርሙሱ ምን ያህል እንደጎደለ በዓይኑ ይለካል። ጋሽ ገብረኪዳን ደግሞ ስለቱ በታጠበ ቁጥር ባለመቀሱም ይታጠብ እያሉ ያስቋቸዋል።

«ለመሆኑ ቁስሉ ምን ይመስላል?» አሉ ከመጨረሻው ዛፍ ሥር ሆነው።

«ቅርፊቱ ይሰረጉድና ይሰነጠቃል፤ ዙሪያው ያብጣል። ከላዩ ያለው ቅርንጫፍ እየደረቀ ይሄዳል። ሰው ግን ብርድ መታው ብሎ ይተወዋል» አለች ባዩሽ።

የጋሽ ገብረኪዳን መቀስ አየር ላይ ቆመ። ያን ዛፍ ያውቁታል። ከጨንቻ ድረስ በአውቶቡስ ታቅፈው ያመጡት ነው፤ የመንደሩ አፕል ሁሉ፣ የባዩሽም ጭምር፣ ከእሱ የተዳቀለ ነው። አሁን የራሳቸው ደጅ ላይ ቆሟል፤ አምና ብርድ መታው፣ ዘንድሮም ብርድ መታው ሲሉለት ከርመዋል። በየዓመቱ ክርከማውን የሚጀምሩትም ከእሱ ነው።

«ግንዱ ላይ ከሆነስ?»

«ከሥሩ ቆርጦ እዚያው ማቃጠል ነው። ለማገዶ እንኳ ከግቢ እንዳይወጣ ብላለች።»

«እዚያው» አሉ ቀስ ብለው። የቀረችውን ቅርንጫፍ ቆረጡ። ከዚያ የአለምነህን መጋዝ ከአጥሩ ላይ አወረዱና ጥርሱን በጨርቁ ጠረጉት።

«ለበዓሉ የተረፈው ይኼው ነው?» አለ አለምነህ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ።

«የአንተ እንግዶች ጠላ ይጠጣሉ።»

«አባትሽም አሉበት እኮ።»

«አባቴማ ከአንተ ድርሻ ይጠጣል።»

ባልና ሚስቱ በዚያው ተያይዘው ሲሳሳቁ ጋሽ ገብረኪዳን መጋዙን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ፤ በሩንም መልሰው ዘጉት።