ተቆጣጣሪ የሌለበት ፋብሪካ

«አይበቃም!» አለች ኮሌታ፣ እርሳሷን ወረቀቱ ላይ እንደ መርፌ ሰክታ።

ታናሽ ወንድሟ ራሱን ያዘ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ካመጣው ሁሉ ለቤተሰቡ የጠቀመው ትዕግሥቱ ብቻ ነበር፤ እሱም እያለቀ ነው።

«እትዬ፣ እንደገና አንብቢው። ሴትዮዋ የሚከፈላት በሰፋችው ሸሚዝ ቁጥር ነው። የዛሬ ገቢዋን ለማወቅ መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም? አንደኛ፣ የአንዱ ሸሚዝ ክፍያ ተነግሮሻል። ሁለተኛ፣ ስንት እንደሰፋች ተነግሮሻል። ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«የተመለሰባት ስንት ነው?»

«ማን ነው የሚመልስባት?»

«ጥራት ተቆጣጣሪው ነዋ! ስፌቱ ዘመመ ብሎ ለወረወረው ማን ይከፍላታል? አንተ?»

«ጥያቄው ውስጥ ተቆጣጣሪ የለም!»

«ተቆጣጣሪ የሌለበት ፋብሪካ የት ነው ያለው? አድራሻውን ንገረኝና ነገውኑ ልቀጠር።»

ወንድሟ ሳቁን ዋጥ አደረገ። እሷ ግን አልሳቀችም። ቅጽል ስሟ የወጣላት የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ዕድሜዋን ስለፈጀች ነው፤ አሁን ቀኝ ትከሻዋ ማሽኑን እምቢ ብሏል። ነገ የፋብሪካው ዕቅድ ክፍል ለአንድ ወንበር ይፈትናል፤ የወር ደመወዝ ላለው ወንበር። አምና የጣላት ይኸው «ይበቃል፣ አይበቃም» የሚሉት ነገር ነው። ሁሉንም አይበቃም ብላ ወጣች።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚጠይቁሽ የምታውቂውን አይደለም። የነገሩሽን ብቻ ይዘሽ መወሰን ትችያለሽ ወይ ነው።»

«የነገሩኝን ብቻ ይዤማ ብኖር ድሮ አልቆልኝ ነበር። በል፣ ሌላ አምጣ።»

አመጣ። ሌላም አመጣ። ትከሻዋን እያሸች ሁሉንም ሠራችው።

በማግስቱ በፋብሪካው መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ፈታኝ ሆኖ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ ጥራት ተቆጣጣሪው! ኮሌታ አንገቷን ደፍታ ስትሠራ ቆይታ አንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ስትደርስ ቆመች። «አንዲት ሠራተኛ በቁጥር ይከፈላታል። ዛሬ ከትናንት የበለጠ አግኝታለች? አንደኛ፣ ዛሬ የሰፋችው ከትናንቱ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ የአንዱ ክፍያ አልተለወጠም።»

እጇ በልማድ ወደ «አይበቃም» ሄደ። መለስ አደረገችውና ፈታኙን ጠራችው።

«ጋሼ፣ የተመለሰባት አለ ብዬ ላስብ?»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ። ባለፈው ሳምንት እንኳ አንድ እቅፍ ኮሌታ መልሶባታል።

«ወረቀቱ ላይ ካለው ውጪ ምንም የለም፣ እኅቴ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«እርስዎም የሉም?»

«እኔም የለሁም።»

ከኋላ ወንበር አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት በሳል አሳበበች።

ኮሌታ ወደ ጥያቄው ተመለሰች። ፈተናውን የሚያወጣው ዕቅድ ክፍል ነው፤ የከርሞውንም የሚያወጣው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። «ብቻ ልግባ» አለች በልቧ፣ «ስንት እንደመለሱባት ሦስተኛ መረጃ አድርጌ እጨምርበታለሁ።»

«ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ» ከሚለው ምርጫ ጎን ያለውን ክብ ጥቁር አድርጋ ቀባችና ገጹን ገለጠች።