ሁለተኛው ፊርማ

ሁለት ፊርማ ሳያርፍበት ከጥገና ክፍሉ የሚወጣ አውሮፕላን የለም። አንዱ መካኒክ ሠርቶ ይፈርማል፤ ሌላው ባትሪ ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ እያንዳንዷን ብሎን አይቶ ይፈርማል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነው ነገሩ። ደንቡን ያወጣው ሰው ግን ጋሼን አያውቃቸውም። ጋሼ የክፍሉ አንጋፋ ናቸው፤ ግማሹን ሠራተኛ ብሎን ማጥበቅ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው በሠሩት ላይ ባትሪ ማብራት ዓይንን በጨው መታጠብ ነው። ስለዚህ ረጅሙ የሚሉት ተማሪያቸው ስምንት ዓመት ሙሉ የሚፈረምበትን የጥገና ካርድ ሻይ ክበብ ይዞ እየሄደ፣ ሻዩን እየጠጣ ፈርሟል።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አሥራ ሁለት ሰው የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ለማረፍ መጣች። ረጅሙ የጥገናው በር ላይ ቆሞ ያያታል። ጎማዋ መሬት እንደነካ የግራ እግሯ ታጠፈ። ክንፏ አስፋልቱን እየፋቀ ወደ ግራ ጎተታት፤ ከመንደርደሪያው ወጥታ ሣሩ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆመች። የሞተ የለም። የአንድ ሰውዬ ክንድ ተሰበረ። አንዲት ሴትዮ በአንድ ጫማ ወርዳ፣ ሌላውን ካላመጣችሁልኝ ንቅንቅ አልልም ብላ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን አስጨነቀች። ሁሉም ሲስቅ ረጅሙ ሳቅ አልመጣለትም። ያንን እግር ባለፈው ሳምንት የገጠሙት ጋሼ ነበሩ፤ ሁለተኛው ፊርማ የእሱ ነው። ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

በሦስተኛው ቀን የአደጋው መርማሪ አስጠራችው። ጠረጴዛዋ ላይ ካርዱና አንድ ብሎን ተቀምጠዋል። ብሎኑ እንዳይፈታ የሚታሰርበት ሽቦ የለም።

"ተበጥሶ ይሁን ሳይታሰር ቀርቶ፣ እስካሁን አላወቅንም" አለችው። "ስትፈርም ሽቦውን በዓይንህ አይተኸዋል?"

አየሁ ቢል ጥፋቱ የሽቦው ይሆናል፤ ጋሼም ከሦስት ወር በኋላ ተጨብጭቦላቸው ጡረታ ይወጣሉ። አላየሁም ቢል የሁለቱም የሥራ ፈቃድ ይሄዳል። ችግሩ፣ በዚያው ሳምንት ጋሼ የሠሯቸው ሌሎች ሁለት አውሮፕላኖች ይህን ጊዜ ሰው ጭነው አየር ላይ ናቸው።

"አላየሁም" አለ። "በዚያው ሳምንት ጋሼ የሠሯቸውን ሌሎቹን ሁለት አውሮፕላኖችም ሳላይ ነው የፈረምኩት። አሁኑኑ አስቁሟቸው።"

ሲወጣ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ረጅሙ በሌላ በር ቢያመልጥ ደስ ባለው። ግን ፊታቸው ቆመ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሽቦውን አላየሁም ብያታለሁ።"

"ያን ዕለት ብቻ ነው ያላየኸው?"

"አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። እርስዎ የሠሩትን መፈተሽ ድፍረት መስሎኝ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ረጅሙ ቁጣቸውን ሲጠብቅ የወጣቸው ድምፅ የደከመ ነበር።

"ዓይኔ ከከዳኝ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። ሽቦውን በዳበሳ ነው የማስረው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ አንተ ከኋላዬ ታይልኛለህ ብዬ።"