ስፒል የያዘ አፍ

ልብስ ሰፊዋ ሥራ ላይ ስትሆን ስፒሎቿን የምትይዘው በከንፈሯ ነው። ደንበኛ ፊት ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ እያጠፈች፣ አንድ በአንድ ከአፏ እየመዘዘች ትሰካለች። ያኔ ግንባሯ ቋጠር፣ ከንፈሯ ግጥም ይላል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም፣ ከልጇ በቀር።

ልጅቷ ዝም ያለ ፊት ካየች ሆዷ ይባባል።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ታዪኛለሽ?»

ከዚያ ለቅሶ ነው፣ በር መወርወር ነው። እናትየውም ድርቅ ትላለች፦ «ስፈጠርም ፊቴ ይኸው ነው! ከየት አምጥቼ ልለውጠው?»

ልጅቷ ጭንቀት በርትቶባት ሆስፒታል ተኝታ የወጣች ቀን ሐኪሟ ሰፊዋን ለብቻዋ ጠራቻት። «እናቴ፣ ልጅዎ እያስመሰለች አይደለም። እርስዎ ዝም ያለ የሚሉት ፊት ለእሷ የቁጣ ፊት ነው፤ የምትወደው ሰው ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። እንድትገምት አይተዉአት፣ በአፍዎ ይንገሯት።»

ሰፊዋም መናገር ጀመረች። «አልተቆጣሁም፣ ክሩ አልገባ ብሎኝ ነው።» «አልተቆጣሁም፣ ወገቤን አሞኝ ነው።»

«እማዬ፣ ሬዲዮ ሆንሽ እኮ!» ብላ ልጅቷ ሳቀች። እጅ ላይ የምትታሰር፣ ጥጥ የተጠቀጠቀባት የስፒል መሰኪያም ሰፍታ አመጣችላት። «ስፒሉን እዚህ ሰኪው፣ አፍሽ ነፃ ይሁን።»

«ይሄ ለጀማሪ ነው» አለችና ሰፊዋ መሳቢያ ውስጥ ወረወረቻት።

ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ጓደኛዋ ቤት ተጠግታ የከረመችው ልጅ አንድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ሱቁ በር ላይ ቆመች። «እማዬ፣ ቤት ልመለስ? ካንቺ ጋር ልኑር?»

ሰፊዋ ደንበኛ እግር ሥር እንደተንበረከከች ቀና አለች። በደስታ ልትጮህ ነበር፤ አፏ ግን ስፒል ሞልቶታል። «ቆዪ፣ አንዴ» ለማለት መዳፏን ዘረጋች።

ልጅቷ ያየችው ቋጠር ያለ ግንባር፣ የገጠመ ከንፈርና የሚከለክል እጅ ነው።

«ገባኝ» አለች።

ሰፊዋ ስፒሎቹን ወለሉ ላይ ተፍታ «ነይ! ነይ ልጄ!» እያለች ስትሮጥ፣ ልጅቷ የተሳፈረችበት አውቶቡስ በሩን ዘግቶ ሄዷል። ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል።

ተመልሳ መስታወቱ ፊት ቆመች። «የተቆጣሁ እመስላለሁ?» አለቻት ደንበኛዋን።

«ኧረ በጭራሽ! ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው የሚመስሉት።»

ሰፊዋ መሳቢያውን ከፍታ መሰኪያዋን አወጣች፤ በጥርሷ እየጎተተች እጇ ላይ አሰረቻት። ወለሉ ላይ የተበተኑትን ስፒሎች እየለቀመች ሰካችባት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው የምትሰፋው፤ አፏ ባዶ ነው።