እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ

ሰይፈ ሚካኤል ከቀትር እንቅልፉ ተነስቶ ከዚራ ሰፈር ወደሚታደሰው አሮጌ ቤት ሲመለስ፣ ሠራተኞቹ በር ላይ ተኮልኩለው እየሳቁ ጠበቁት። የቅርስ ጥበቃ ቢሮው የላከው ለመሠረት የሚቆፈረውን አፈር እንዲከታተል፣ የጥንት ነገር ከተገኘም ሥራውን እንዲያስቆም ነበር። በዚህ ሐሩር በቀትር ማን ይቆፍራል ብሎ ሄዶ ነበር፤ ለካ ጉድጓዱ ላይ ጥላ ሲያርፍ ጠብቀው ቀጥለዋል።

«ዋሪያ ሰይፉ፣ ሥራህን ጨርሰንልሃል!» አለችው ከጀልዴሳ መንደር እየተመላለሰች የምትቆፍረው ሁዶ።

ሳፋ ሙሉ የሸክላ ስብርባሪ በኦሞ ታጥቦ፣ ትልቁ ከትልቅ፣ ትንሹ ከትንሽ ተደርድሮ ያብለጨልጫል።

የሰይፈ ሚካኤል ፊት ጠቆረ። «ከየት ከየት ነው የወጣው?»

«ከጉድጓዱ ነዋ! ከሰማይ ይዘንባል እንዴ?»

ሌሎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱ ግን ሳፋው ላይ አጎንብሶ ስብርባሪውን አየ። የባቡር ሐዲዱ ሳይዘረጋ፣ ከተማዋም ሳትቆረቆር እዚህ ሰው ኖሮ ይሆን እያለ ስንት ቀን ሲያልም ከርሟል። ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበረ ካልታወቀ ግን ይሄ ሁሉ ሸክላ ምንም አይናገርም።

ፎርማኑ ጋሽ ተሰማም ይህንኑ አለው። «ልጄ፣ ከሌላ ቦታ ለሙሌት ከመጣ አፈር ጋር የገባ ቢሆንስ? ካልተነካው መሬት ውስጥ አንድ ነገር አሳየኝ፣ ያንን ቦታ እተውልሃለሁ። አለዚያ ነገ በጠዋት ኮንክሪት ይሞላል።»

ሰይፈ ሚካኤል አፈር ክምሩ ላይ ዘጭ አለ። ሁዶ ቀረብ አለችው።

«አጠፋን እንዴ?»

አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። በሳሙና የተኮማተሩ ጣቶቿን ሲያይ ግን፣ «እናንተ ምን አጠፋችሁ፣ የተኛሁት እኔ ነኝ» አላት።

ሁዶ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ስብርባሪውን ታገላብጥ ጀመር። «ይሄ ጉድጓዱ ጉልበቴ ጋ ሲደርስ የወጣ ነው። ይሄ አፈ ሰፊው ደግሞ ወገቤ ጋ ሲደርስ፣ በባቡር ጣቢያው በኩል ካለው ጥግ። ወላሂ፣ አካፋዬን ያጠፈው እሱ ነው!»

ሰይፈ ሚካኤል ብድግ አለ። «ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ!»

«አቦ፣ ቀሚስ ልታሰፋልኝ ነው?»

ሜትሩን ወገቧ ላይ ራሷ ያዘችለት፤ እሱ ተንበርክኮ እስከ ተረከዟ ለካ። ከዚያ ጉድጓድ ገብቶ ያንኑ ያህል ከአፉ ወደ ታች ለክቶ፣ ያሳየችውን ጥግ በብሩሽ ቀስ እያለ ይጠርግ ገባ። አቧራው ሲነሳ አመድ የሚመስል፣ ያልተነካ ግራጫ መስመር ወጣ። መስመሩ ላይ ግማሹ በግድግዳው አፈር እንደተዋጠ የተቀመጠ የእንስራ አፍ ታየ።

ሁዶ አፈ ሰፊውን ስባሪ አቀበለችው። ከእንስራው አፍ ጋር አስጠጋው፤ ግጥም አለ።

ጋሽ ተሰማ ወርዶ ስብራቱን በጣቱ ዳበሰው። ስልኩን አወጣና ኮንክሪት ለሚያመጣው ሰው ደውሎ፣ «ዐብዲወሊ፣ የነገውን ሚክሰር አቆየው። አይ፣ አልተበላሸም፤ የጣቢያው ጥግ አይሞላም» አለ።

ሰይፈ ሚካኤል ካሜራውን ደገነ። ሁዶ ጥላዋ እንዳይወድቅበት ፈቀቅ አለች።