የጠበበው ሰደርያ

«ይሄስ የማን ነው?» አሉ እትዬ ሉሬታ።

ከጠዋት ጀምሮ የሟቹን ልብሶች ኪስ ሲሰፉ ነው የዋሉት። ኪሱ ክፍት ከቀረ ሙት ተመልሶ ይመጣል፤ ዛሬ ደግሞ ከሞተ ዘጠነኛው ሌሊት ነው፣ የኦስቦርን ነፍስ የሚሸኝበት። ከክምሩ ሥር የመዘዙትን ቀይ ሰደርያ አንድ ኪሱን ሰፍተው ነበር ልብ ያሉት።

«እንኳን ወንድሜ ሊለብሰው፣ ክንዱም አይገባለት።»

የሟቹ ሚስት ቬርሊን ሰደርያውን ተቀበለቻቸው። በየዓመቱ በካይማን ደሴት የባህር ወንበዴዎች በዓል የወንበዴ ካፒቴን ልብስ ለብሶ ከመርከብ የሚወርደው ባሏ ነበር፣ ቦርጩን አስቀድሞ። ይሄ ጭን ድረስ የሚወርድ የጥንት ሰደርያ ግን ወገቡ ከውስጥ ጠባብ፣ ደረቱ ሞላ ያለ ነው። የሴት ነው አለች በልቧ።

ዴልሲ ትዝ አለቻት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ፈት ናት፣ ወገቧም ቀጭን። ኦስቦርን «ዶሚኖ ልጫወት» ብሎ ወጥቶ ከዴልሲ ቤት ሲወጣ በዓይኗ አይታዋለች። ስትጠይቀው «ደግሞ ቅናት ጀመረሽ?» ብሎ ሳቀባት። ከዚያ ወዲያ ስታቅፈው ይሸሻል፤ «ወበቀኝ» እያለ ከነሸሚዙ በረንዳ ላይ ያድራል። ፊቱ ከሳ ሲልም «ለሷ ብሎ ነው» አለች። አንድ ቀን ወደብ ላይ ወደቀ፤ «ልቡ ነው» ተባለና ተቀበረ።

አመሻሽ ላይ ግቢው ሞላ። ዓሣ ይጠበሳል፣ ሩም ይቀዳል፣ ዶሚኖው ይንጣጣል። ዴልሲ የካሳቫ ኬክ ይዛ ስትገባ ሴቶቹ ተጠቃቀሱ።

«አይነ ደረቅ! ደፍራ መጣች?»

ቬርሊን ሰደርያውን ይዛ ፊቷ ቆመች። ዛሬ ሰው ፊት አዋርዳ ልታስወጣት ቆርጣለች።

«እስኪ ልበሺው።»

ዶሚኖ ተጫዋቾቹ ዞር አሉ።

«እኔን አይሆነኝም» አለች ዴልሲ ቀስ ብላ። «የሱ ነው። እየከሳብኝ ውስጡን ስንቴ አጠበብኩት መሰለሽ። እጅሽን ከገበሩ ሥር አስገቢ።»

አስገባች። ደረቱም ሆዱም ላይ ጥጥ ተጠቅጥቋል።

«ዕጢ ነው ብሎታል ሐኪሙ። ከሸሚዙ ሥር የሚለብሰውንም ጥጥ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ‹ቬርሊን የዘንድሮን በዓል ስቃ ትዋል፤ ከዚያ እኔው እነግራታለሁ› አለ። አስምሎኝ ነው ዝም ያልኩት፣ እህቴ።»

ቬርሊን ሰደርያውን እቅፍ አደረገችው። እሱ አጠገቧ እያለቀ እሷ ስትጠረጥረው ከረመች። ዴልሲ ደግፋ አስቀመጠቻት፤ እጇንም አልለቀቀችም።

«በይ ስጪኝ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ሉሬታ መርፌያቸውን እያነሱ። «ሳይጨልም ያኛውም ኪስ ይሰፋ።»

«እኔው እሰፋዋለሁ፣ እትዬ።»

መርፌውን ተቀብላ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችና የተሰፋውን ኪስ ክር በጥርሷ በጠሰችው። ሁለቱንም ኪሶች በጣቷ ከፈት ከፈት አድርጋ፣ ሰደርያውን ኦስቦርን ሲገባ ባርኔጣውን የሚሰቅልበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው።